ፌጦ ከየትኛው አምፖል ሥር? ለቤት ውስጥ ማይክሮግሪን የብርሃን ቀለም አመራረጥ

የመጀመሪያውን የተክል መብራቴን የገዛሁት ቀለሙ ማርኮኝ ነው። ሐምራዊ ነበር። ማታ ማታ ከአራተኛ ፎቅ መስኮታችን የሚወጣው ብርሃን የኮንዶሚኒየሙን ግቢ ሮዝ አደረገው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ትልቅ ጎረቤታችን ደረጃ ላይ አስቆሙኝና «አንቺ ልጅ፣ ቤቱን ናይት ክለብ አደረግሽው እንዴ?» አሉኝ። ፌጦ እያበቀልኩ ነው ስላቸው ደግሞ የባሰ ሳቁ። ፌጦ ለእሳቸው ተወቅጦ የሚጠጣ የሆድ መድኃኒት እንጂ በአምፖል የሚያድግ ሰላጣ አይደለም።

ከእሳቸው ሳቅ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ራሱ ፌጦው ነው። በሐምራዊው ብርሃን ሥር ቀጥኖ ረዘመና እርስ በርሱ ተደጋግፎ ተኛ። ማዕድ ቤት ውስጥ በተራ ነጭ አምፖል ሥር ረስቼው የነበረው ሌላ ሳህን ደግሞ አጠር፣ ደንደን ብሎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሳህን ዘርቻለሁ። የተረዳሁትን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ የብርሃን ቀለም ለውጥ ያመጣል፣ ግን የሚመጣው ከብርሃኑ መጠን ቀጥሎ ነው። ይህንን እኔ ከምነግራችሁ በአሥር ቀን ውስጥ በአራት ሳህን ፌጦ ራሳችሁ ብታዩት ይሻላል። መመሪያው የዚያ ሙከራ ነው።

ማይክሮግሪን የሚባለው ዘሩ በቅሎ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ሲዘረጉ በመቀስ ተቆርጦ የሚበላ ቡቃያ ነው። ከበቆልት ይለያል። በቆልት ከነሥሩ፣ ከነፍሬው ይበላል፤ ብርሃንም አይጠይቅም። ማይክሮግሪን ግን አረንጓዴ እንዲሆን ብርሃን ማግኘት አለበት።

መጀመሪያ ቀለሞቹን እንተዋወቅ

ብቅል ሲበቅል አይታችኋል? ገብሱ ተሸፋፍኖ በጨለማ ስለሚያቆጠቁጥ ቡቃያው ነጣ፣ ቢጫ ቢጫ ይላል። ተክል ብርሃን ሲያጣ ያለውን ስንቅ ሁሉ ቁመት ላይ ያውለዋል። ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል። ብርሃኑን ሲያገኝ ሩጫውን አቁሞ ቅጠል ይዘረጋል፣ ይለመልማል። ጥያቄው «ብርሃን አገኘሁ» የሚያሰኘው የትኛው ቀለም ነው የሚለው ነው።

ተክል ለምግብ መሥሪያ የሚጠቀምበት ብርሃን በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) ያለው ነው። እኛ በዓይናችን ከምናየው ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ከዚህ ውስጥ ሰማያዊው «አቁም፣ አትመዘዝ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ግንዱን ያሳጥራል፣ ቅጠሉን ያወፍራል። ቡቃያ ወደ መስኮት እንዲያዘነብል የሚያደርገውም እሱ ነው። ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሣር ቡቃያ ጫፍ ላይ ቆብ ደፍተው ሲያዩ፣ ጫፉ የተሸፈነው ቡቃያ ወደ ብርሃኑ መታጠፍ አቆመ። ብርሃኑን «የሚያየው» ጫፉ ነው ማለት ነው።

ቀዩ ዋናው የምግብ መሥሪያ ጉልበት ነው። ብቻውን ሲሆን ግን ቡቃያው ይረዝማል፣ ይልፈሰፈሳል። የእኔ ሐምራዊ መብራት አንዱ ችግር ይሄ ነበር፤ አብዛኛው ቀይ ሆኖ ሰማያዊው ለስም ያህል ነበር የገባው። ከቀዩ ወዲያ፣ ዓይናችን እምብዛም የማያየው ጥልቅ ቀይ አለ። እሱ ለተክሉ «ሌላ ተክል ጥላ ጥሎብሃል፣ ሩጥ» የሚል መልእክት ነው። የድሮው በክር የሚነድ አምፖል ይህ ጥልቅ ቀይና ሙቀት ስለሚበዛው ለማይክሮግሪን አይሆንም።

አረንጓዴውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ቅጠል አረንጓዴ የሚመስለን ከሌላው ይልቅ እሱን ስለሚመልስ ነው እውነት ነው፤ ግን የሚመልሰው ጥቂቱን ነው። የቀረውን ይጠቀምበታል። አረንጓዴ ብርሃን ከላይኛው ቅጠል አልፎ ወደ ታችኛው ይዘልቃል። ጥቅጥቅ ብሎ ለተዘራ ሳህን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«እንግዲያው ሰማያዊ ብቻ ባበራስ?» የሚል አይጠፋም። አይሠራም። እንደ ሰናፍጭና ጎመን ባሉ ቡቃያዎች ላይ ንጹህ ሰማያዊ ብቻውን ሲሆን በተቃራኒው ቁመት ሊያስጨምር ይችላል። ሰማያዊ የሚያሳጥረው ከሌሎቹ ጋር ሲደባለቅ ነው።

ድብልቁን ደግሞ ከሰፈር ሱቅ ታገኙታላችሁ። ነጭ ኤል ኢ ዲ አምፖል በውስጡ ሰማያዊ መብራት ነው። ላዩ ላይ የተቀባው ዱቄት ሰማያዊውን በከፊል ወደ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይቀይረዋል። (ለዚህ ያበቃውን ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ የሠሩት ሦስቱ ሳይንቲስቶች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ወስደዋል።) የአምፖሉ ካርቶን ላይ 3000፣ 4000 ወይም 6500 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ኬልቪን ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ቢጫማ ነው፣ ቀይ ይበዛዋል። ሲጨምር ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያዳላል። ሻጩ «ዋርም ነው ዴይላይት?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው።

1. ዘሩን አዘጋጁ

ለሙከራ ከፌጦ የሚሻል የለም። ቶሎ ይበቅላል፣ የትም ቅመም የሚሸጥበት ይገኛል። ንፉት፣ ልቀሙት፤ የገበያ ፌጦ አሸዋና ባዕድ ዘር አያጣም። ከፌጦ በኋላ ወደ ሰናፍጭ፣ የጎመን ዘር፣ አብሽና ድንብላል መሄድ ትችላላችሁ።

ለእርሻ ተብሎ የሚሸጥ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የተቀባ ዘር አትንኩ። ቀለሙ ፀረ ፈንገስ ወይም ፀረ ተባይ መታሸቱን ይነግራችኋል። ግብጦ፣ ጓያና አደንጓሬም ለዚህ አይሆኑም፤ በጥሬያቸው ጎጂ ናቸው። የቲማቲምና የድንች ቅጠልም አይበላም።

2. አራት እኩል ሳህን

ኬክ የሚሸጥበት ግልጽ ፕላስቲክ ይበቃል። ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ታቹን በጋለ ሚስማር ብሱት። ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር የተነፋ ቀላል አፈር ወይም ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ድቃቂ) ሙሉበት። ፍግ አትቀላቅሉ። ቡቃያው በጥሬው ስለሚበላ በፍግ ውስጥ ያለው ጀርም ቀጥታ ወደ ሆድ ይገባል። ማዳበሪያም አያስፈልግም፤ ለእነዚህ ጥቂት ቀናት ዘሩ የያዘው ስንቅ ይበቃዋል።

3. ዝሩ

አፈሩን አርጥቡ። በእያንዳንዱ ሳህን ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ፌጦ እኩል በትኑ። አፈር አታልብሱት። ቀድማችሁም አትዘፍዝፉት። ፌጦ ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ያሙለጨልጫል፤ ከተዘፈዘፈ ተጣብቆ እንደ ገንፎ ይሆንባችኋል።

መጠኑ በአራቱም ሳህን አንድ ይሁን። አንዱ ከበዛ ቡቃያው እየተሻማ ይረዝማል፣ እናንተም አምፖሉ ያመጣው ይመስላችኋል።

4. ሁለት ሦስት ቀን ጨለማ

ሳህኖቹን ደራርቡና ከላይኛው ላይ ባዶ ሳህን ደፍታችሁ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ጫኑበት። ክብደቱ ሥሩ ወደ አፈሩ እንዲገባ ያግዛል። በቀን አንዴ ከፍታችሁ ርጥበቱን እዩ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በክረምት አንድ ቀን ጨምሩ። ቡቃያው ሳህኑን ወደ ላይ መግፋት ሲጀምር የጨለማው ጊዜ አልቋል። ከዚህ በላይ ከቆየ እንደ ብቅሉ ይመዘዛል፣ የተመዘዘን ቡቃያ ደግሞ የሚያሳጥር አምፖል የለም።

በነጭ ጥጥ መሰል ነገር ተሸፍኖ ካያችሁት አትደንግጡ፣ አትድፉትም። ብዙ ጊዜ የሥር ፀጉር ነው። ውሃ ስትረጩበት ከተኛና ከጠፋ ሥር ነው። ከቆየና ሽታ ካለው ሻጋታ ነው፤ እሱን አውጥታችሁ ጣሉት።

5. ሦስት ካርቶን፣ ሦስት ቀለም

ጎናቸው 30 ሴንቲሜትር አካባቢ የሆኑ ሦስት ካርቶኖች ፈልጉ። ፊታቸው ለሥራም ለአየርም ክፍት ይሁን፣ አናታቸው ላይም ሙቀት መውጫ ቅደዱ። የውስጡን ግድግዳ ነጭ ወረቀት ለጥፉበት። ከአምፖሉ ወደ ጎን የሚባክነውን ብርሃን ወደ ሳህኑ ይመልሳል።

በአንደኛው 3000 ኬልቪን፣ በሁለተኛው 6500 ኬልቪን፣ በሦስተኛው ሐምራዊ የተክል አምፖል ስቀሉ። ሦስቱም ኤል ኢ ዲ፣ ሦስቱም ተመሳሳይ ዋት ይሁኑ፤ 12 ወይም 15 ዋት ጥሩ ነው። ሐምራዊ ከሌላችሁ አትግዙ፣ በሁለቱ ቀጥሉ። ከአምፖሉ እስከ ቡቃያው ጫፍ ያለው ርቀት ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይሁን፣ በሁሉም እኩል።

አራተኛው ሳህን የሙከራው ጨው ነው። እሱን ያለ ካርቶን፣ ከሌላ 6500 ኬልቪን አምፖል 40 ሴንቲሜትር አርቃችሁ አስቀምጡት። ቀለሙ ከሁለተኛው ጋር አንድ ነው፣ የተለየው መጠኑ ብቻ ነው። አንድ አምፖል ብቻውን ሲሆን ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል።

ባለቀለም ሴሎፎን በነጭ አምፖል ላይ መጠቅለል የሚያምራቸው አሉ። እኔም ሞክሬዋለሁ። ሴሎፎኑ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን መጠኑንም ስለሚቀንስ ምን ምኑን እንዳመጣው አይታወቅም። ሙቀትም ያፍናል።

አሁን ደህንነት። ካርቶን ይነድዳል። ስለዚህ በክር የሚነድ አምፖል ወይም ሃሎጅን በፍጹም እንዳታስገቡ። አምፖሉ ካርቶኑን አይንካ። ዲቫይደሩ ወለል ላይ ሳይሆን ከውሃው ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ውሃ ስታጠጡ አጥፉ። ልጆች ካሉ ሐምራዊውን አፍጥጠው እንዳያዩ ንገሯቸው። ለጀርም መግደያ የሚሸጠውን አልትራቫዮሌት መብራት ደግሞ ለዚህ ሥራ አታስቡት፤ ዓይንና ቆዳ ይጎዳል።

6. ሰዓቱን ግጠሙ

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አብሩ። 14 ሰዓት ነው። ታይመር ካላችሁ እሰየው፣ ከሌላችሁ የስልካችሁ አላርም ይሠራል። ሌሊቱን ማብራት አያስፈልግም። አንድ ባለ 15 ዋት አምፖል በ14 ሰዓት 210 ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ አራቱም ተደምረው በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት አይሞሉም።

7. ብርሃኑን ለኩ፣ ግን በስልክ አትታለሉ

ዓይናችን ብርሃን በመለካት ረገድ ውሸታም ነው። ማታ ደምቃ የምትታየን ሳሎን ጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ብቻ ነው ያላት። የቀትር ፀሐይ ግን 100,000 ሉክስ ገደማ ይደርሳል። ለማይክሮግሪን ከ7,000 እስከ 10,000 ሉክስ ብታደርሱለት ደስ ይለዋል። ሉክስ የሚለካ ነፃ የስልክ መተግበሪያ ጫኑና ስልኩን በሳህኑ ቦታ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ትክክለኛ መሣሪያ ባይሆንም ሁለት ነጭ አምፖሎችን ለማወዳደር ይበቃል። ካነሰ ሳህኑን በመጽሐፍ ከፍ አድርጉት።

ሐምራዊው ላይ ግን መለኪያው አይሠራም። ሉክስ የተቀመረው በሰው ዓይን ነው፣ የሰው ዓይን ደግሞ አረንጓዴና ቢጫ ላይ ጎበዝ፣ ሰማያዊና ቀይ ላይ ደካማ ነው። ሐምራዊ መብራት ለተክሉ በቂ ብርሃን እየሰጠም ስልኩ «ጨለማ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ተገላቢጦሹም አለ፤ ለዓይን የሚያብለጨልጭ ሐምራዊ ለተክሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከማብለጭለጩ ይልቅ የዋት ቁጥሩ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣችኋል።

8. በየቀኑ እዩ

ውሃውን ከሥር ስጡ። ሳህኑን ውሃ የያዘ ትሪ ውስጥ አሥር ደቂቃ አስቀምጣችሁ አንሱት። ቅጠሉ ላይ መርጨት ሻጋታ ይጠራል። ሳህኑን በቀን አንዴ ግማሽ ዙር አዙሩት። ሁልጊዜ በ2 ሰዓት ማታ፣ መብራቱን ከማጥፋታችሁ በፊት፣ የአምስት ቡቃያ ቁመት በማስመሪያ ለኩና ጻፉ።

ልዩነቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው የብርሃን ቀን መታየት ይጀምራል። በ3000 ኬልቪን ሥር ያለው ትንሽ ረዘም፣ አረንጓዴው ፈዘዝ ይላል። የ6500ው አጠር፣ ጠቆር ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጣት ወርድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። በ40 ሴንቲሜትር ርቀት ያለውን ደግሞ ስታዩት ሌላ ዘር የተዘራበት ሊመስላችሁ ይችላል። ቀጭን ነው፣ ተመዟል፣ ወደ አምፖሉ ወይም ወደ መስኮቱ ተጣሟል። ቀለሙ ምርጥ የሚባለው ነጭ ነበር፤ መጠኑ ግን አልበቃውም። የእኔም ሐምራዊ መብራት ከቀዩ ብዛት በላይ የገደለው ርቀቱ ነበር። ግማሽ ሜትር ላይ ነበር የሰቀልኩት፣ ከመስኮት እንዲታይ!

ሐምራዊው በእናንተ ሳጥን ምን እንደሚያደርግ በቀይና በሰማያዊው ድርሻ ይወሰናል። ቢሳካለት እንኳ አንድ የማልወድለት ነገር አለ። በእሱ ሥር ቅጠል ሁሉ ጥቁር ይመስላል። ቢጫ የሆነው፣ የሻገተው፣ የተራበው አይለይም። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በ2014 የተተከለችው የናሳ የአትክልት ሳጥን ቀይና ሰማያዊ ላይ አረንጓዴ መብራትም የተጨመረላት አንድም ጠፈርተኞቹ የሚበሉትን በእውነተኛ ቀለሙ እንዲያዩት ነው። በ2015 ከእሷ የለቀሙትን ቀይ ሰላጣ በልተዋል። እዚያ ብርሃንም ቦታም በቁጠባ ስለሆነ ሐምራዊ ያዋጣል። እኛ ጋ ግን 6500 ኬልቪን አምፖል ርካሽ ነው፣ ሲቃጠልም ከታች ሱቅ ይገኛል።

9. ቁረጡና ቅመሱ

ከተዘራ በስምንተኛው እስከ አሥረኛው ቀን፣ ሁለቱ ቅጠሎች በደንብ ተዘርግተው ሲታዩ፣ ከአፈሩ ከፍ አድርጋችሁ በንጹህ መቀስ ቁረጡ። ከመቁረጣችሁ በፊት ያሉት ሰዓታት ላይ ውሃ አታጠጡ፤ ደረቅ ሆኖ ሲቆረጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። የምታጥቡት ስትበሉት ነው።

ከየሳህኑ ቆንጥራችሁ የቤት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እንዲቀምስ አድርጉ። የፌጦ የሚያቃጥል ጣዕሙ የቱ ላይ እንደበረታ ይንገራችሁ። እኛ ቤት የተመረጠው ባለ 6500ው ነው፣ ተመዞ የወደቀው ደግሞ «ውሃ ውሃ ይላል» ተብሏል። በቲማቲም ሰላጣ ላይ ግን ሁሉም ያልቃል።

10. ከሙከራው በኋላ፦ ቀለምን በዓላማ መጠቀም

መጠኑን ካስተካከላችሁ በኋላ በቀለም መጫወት ይቻላል። ቀይ ጥቅል ጎመንና ሐምራዊ በሶብላ ቀለማቸው እንዲደምቅ ከፈለጋችሁ በመጨረሻዎቹ ሦስት አራት ቀናት ወደ 6500ው አዛውሯቸውና ትንሽ አቅርቧቸው። ጠንካራ ብርሃንና ሰማያዊ የወይን ጠጅ ቀለማቸውን ያጠነክራል። ቀይ ሥር ላይ ያን ያህል አትጠብቁ፣ የእሱ ቀለም ሌላ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው።

አተር ደግሞ ተቃራኒውን ሞክሩበት። ግማሹን ሳህን በብርሃን፣ ግማሹን እስከ መጨረሻው በጨለማ አሳድጉ። የጨለማው ቢጫና ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። አንዳንድ ምግብ ሠሪ ሆን ብሎ የሚፈልገው እሱን ነው።

መብራት ከጠፋስ? ሁለት ሦስት ሰዓት ከሆነ ምንም አይሆንም፣ ማታ ላይ ያንኑ ያህል አስረዝሙለት። ቀኑን ሙሉ ከሄደ ሳህኖቹን ወደ መስኮት ውሰዱና በየሁለት ሰዓቱ አዙሯቸው። ሲመለስ ቮልቴጁ ስለሚዘል አምፖሎቹን ከሶኬት ነቅላችሁ ቆዩ። እኔ ሁለቱን ያቃጠልኩት እንደዚያ ነው። ሐምራዊው ግን እስካሁን አልተቃጠለም፤ መተላለፊያው ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ጎረቤታችንም ሲያልፉ እየተሳለቁ ያዩታል።